ምሰሶዎቹን ላነደድከው

ታዴዬ፣ የእኔ ግትር፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር፣ የምትሰነብትበትን አገር አላውቀውም። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ሙት ዓመትህን በጸሎትና በንፍሮ አሳለፍነው፤ ከዚያ በላይ አቅም ያለው ሰው በመካነ ሰላም አልነበረም። አንተም ብትሆን ድግስ ላይ ጥግ ይዘህ የምታዛጋ ሰው ስለነበርክ አልተቀየምከኝም ብዬ አስባለሁ። ደክሞኛል፣ ታዴ። ለሰው የማልናገረውን ላንተ ልንገርህ ብዬ ነው። በጣም ደክሞኛል።

ብዕር ያነሳሁት ወሬ ስላለኝ ነው። መብራት ገባ። አዎን፣ ያው አንተ ልታስገባ መጥተህ ሳታስገባ የቀረኸው መብራት። እሱን ከመንገሬ በፊት ግን ከሄድክ ወዲህ የሆነውን ላውራህ፤ ነገር ከመሃል ሲጀመርልህ ትናደድ ነበር።

የመሬቱ አዋጅ በሬዲዮ ሲነገር አንተ በትኩሳት ተኝተህ ነበር፤ ሰምተኸው ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ፣ ከተማውም ቀበሌ ተባለ። ከአዲስ አበባ ዘማች ተማሪዎች መጥተው የእኔን ክፍል መኝታ አደረጉት፤ እኔ ደጅ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ሆኜ አስተማርኩ። ግማሾቹ ተጣልተው ሄዱ፣ ግማሾቹ ታመው ሄዱ፤ የቀሩት ጥቂቶቹ ደህና ልጆች ነበሩ። የረሃቡ መጠለያ ድንኳንም ከሜዳው ተነቀለ። የተረፈው ሰው ዘር እየተሰጠው ወደ ለጋምቦ፣ ወደ ጃማ፣ ወደ ወረኢሉ ተመለሰ። ሜዳው ላይ ገብስ ተዘርቶበታል፤ ያማረ ገብስ ነው ይላሉ። እኔ ከሥሩ እነማን እንደተኙ ስለማውቅ በዚያ በኩል አላልፍም፤ ትምህርት ቤት የምሄደው ዞሬ ነው።

እናትህ ደግሞ ከጉለሌ ሰው በመጣ ቁጥር ይልኩብኛል። ልጄን የበላ አገር ምን ያደርግልሻል፣ ነይና አብረን እንሁን ነው የሚሉኝ። እኔም አቅቶኝ ስለነበር የዝውውር ማመልከቻ አስገባሁ፤ ተፈቀደልኝ። ትምህርት ሲዘጋ ቤቱን አስረክቤ አዲስ አበባ ልገባ ነው ብዬ ለሁሉም ተናግሬ ነበር። አንተን ብቻህን እዚህ ትቶ መሄዱ ግን አልሆንልኝ አለ። ከዚያም የባሰው ኩርፊያችን ነው። ሳንታረቅ ነውና የሞትከው። ከሞተ ሰው ጋር እንዴት እንደሚታረቁ የሚያውቅ ሽማግሌ እስካሁን አላገኘሁም።

መጀመሪያ የተያየን ቀን ትዝ ይልሃል? ከገበያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውን መንገድ በሜትር ትለካ ነበር። ጫማህ ያብረቀርቃል። የሜትሩን ጫፍ የሚይዝልህ ሰው አጥተህ ስትቁነጠነጥ እኔን መንገደኛዋን አስቆምከኝ፤ እየተቆጣሁ ያዝኩልህ፣ ይዤልህም ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተማርክ፣ ለከተማችን ጄኔሬተር ልትተክል የተላክህ ሰው ነበርክ። ከተማው በሙሉ ኢንጂነሩ ይልህ ነበር። አባቴ ሽማግሌ ስትልክ ወዲያው እሺ አለና፣ ልጄን የሰጠሁት ለሰውየው ሳይሆን ለመብራቱ ነው እያለ በየደጁ ያሾፍ ጀመር። እኔም አልዋሽህም፣ በኩራዝ ጭስ ዓይኔ እየተቃጠለ ደብተር ሳርም ያ መብራት በሐሳቤ ይበራልኝ ነበር።

ከዚያ ረሃቡ መጣ። ጄኔሬተሩ ደሴ ላይ ቀረ፤ የደረሱልህ ምሰሶዎቹ ብቻ ነበሩ፣ የትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ተደርድረው። ሰዉ ከየደጋው ወረደ። መጀመሪያ ላይ ረሃብ አለ ብሎ በአፍ መናገር እንኳ ያስፈራ ነበር፤ ሰዎች በየመንገዱ ወድቀው እያየን ስለ ገበያ እናወራ ነበር። መጠለያው ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከረሃቡ ይልቅ ተስቦው ይገድል ጀመር። ቅማሉ ከአንዱ የበግ ጠጉር ባና ወደ ሌላው ባና እየተሻገረ በሽታውን ያዞረዋል። ያን ጊዜ ነው ከደሴ ያ አሮጌ ቦይለር በጭነት መኪና የመጣው፤ ውሃ አፍልቶ እንፋሎቱን በቧንቧ ወደ አንድ ዝግ የቆርቆሮ ክፍል የሚልክ፣ ልብስ እዚያ ውስጥ ተሰቅሎ ቅማሉ የሚያልቅበት፣ የሰዉም መታጠቢያ የሚሞቅበት። አብሮት የመጣው መካኒክ ድንኳኖቹን አየና በመጣበት መኪና ተመለሰ። የመጠለያው ጤና ረዳት ዞር ብሎ ቢያይ አንተን አገኘ። ኢንጂነር አይደለህም ወይ አለህ። ለእሱ ኢንጂነር ሁሉ አንድ ነው።

ይህ የኔ ሙያ አይደለም፣ እኔ የኤሌክትሪክ ነኝ ብለህ መለስክለት፤ ጎሽ አልኩ በልቤ። ቧንቧውን ብቻ ላያይዝላቸው ብለህ ሄድክ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለው ላንተ ነው፤ ከዚያ በኋላ እጅህን ከዚያ ብረት ላይ የሚያነሳው ጠፋ። የሚያስተምርህ ሰው ስላልነበረ ያስተማረህ ቃጠሎ ነው። አንዱ መጋጠሚያ ፈንድቶ ክንድህን ልጦሃል። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ የጭነት መኪና ጎማ ካላማዳሪ እየቆረጥክ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ታስገባ ነበር፤ የምንጫችን ውሃ ነጭ ቅርፊት እየሠራ ቱቦውን ሲዘጋው በሆድህ ተስበህ ገብተህ በመዶሻ ታራግፈዋለህ። ቤት የምትገባው ጥላሸትና ዘይት ሆነህ ነው። ሙያህን ጣልከው እኮ ስልህ፣ አልጣልኩም፣ ኤሌክትሪክም ሙቀትም ያው ጉልበት ነው ብለህ ልታስረዳኝ ትሞክር ነበር። አልሸሹም ዞር አሉ አልኩህ። ከተማው ቦይለሩን ጋን ብሎ ሰይሞ፣ አንተንም ኢንጂነሩ ማለቱን ትቶ ባለጋኑ ይልህ ጀመር፤ አባቴም ቀልዱን አቆመ።

ቦይለሩ ሥራ የጀመረበትን ቀን ግን ሳስበው አንዴ ያስቀኛል፣ አንዴ ያስለቅሰኛል። በሽተኞቹን ወደ መታጠቢያው አስገብታችሁ ልብሳቸውን አስወለቃችሁ። ሠራተኞቹ ያንን ባና፣ ያንን ጋቢና ቀሚስ በክንዳቸው ታቅፈው በግቢው መሃል ወደ እንፋሎቱ ክፍል ተሻገሩ። ከአጥሩ ውጭ ዘመድ ተቀምጦ ይጠብቃል። በእኛ አገር የሰው ልብስ ያለ ባለቤቱ በክንድ ተይዞ አደባባይ የሚወጣው መቼ ነው? ሰውየው ሲሞት፣ ለለቅሶው ነው። አንዲት ሴት የእህቷን ቀሚስ አየችና እሪ አለች። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ሰው ልብስ እየለየ ደረቱን ይመታ፣ ፊቱን ይነጭ ጀመር። ሰው በሕይወቱ፣ ያውም በሞቀ ውሃ እየታጠበ ውጭ ተለቀሰለት። የሚታጠቡት ደግሞ ውጭ ያለ ዘመዳቸው የሞተ መስሏቸው ከውስጥ ተቀበሉ። አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ምን ይግባህ፤ ጋኑ ሊፈነዳ ነው ብለው የፈሩ መስሎህ ማስተንፈሻውን ልትከፍት ሮጥክ። ማስተንፈሻው ሲያፏጭማ ባሰበት።

ከዚያ ወዲያ ልብሱን የሚሰጥ ሰው ታጣ። ቦይለሩ እየፈላ ሰዉ ከነቅማሉ እየሞተ ሰነበተ። ነገሩን ያስረዳሁህ እኔ ነኝ፤ ሰምተህ ምን እንደምታደርግ ባውቅ ኖሮ የልብስ ሳጥኑን እቆልፍ ነበር። የሠርግ ሱፍህን ለብሰህ ሄድክ። ያንን ፒያሳ ያሰፋኸውን። ዘመድ ሁሉ እያየህ መታጠቢያው ገባህ፣ ልብስህ በክንድ ተይዞ ሲወጣ አንተ በመስኮቱ ራስህን አስግገህ፣ አለሁ፣ ታደሰ ነኝ፣ አለሁ እያልክ ጮህክ። ከዚያ ከእንፋሎቱ የወጣውን ሱፍ ለበስከው። ተኮማትሮ እጅጌው ክርንህ ላይ፣ ሱሪው ቅልጥምህ ላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ግቢ ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ደም የሌለው ሰው አጥሩን ይዞ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንደዚያ ያለ ሱፍ ዳግመኛ እንደማትለብስ አውቄ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ልብሱ ከመውጣቱ በፊት ባለቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ ስሙንና አገሩን ይጠራል፤ አለሁ ይላል፤ ከአጥሩ ውጭ ያለውም እሰይ ብሎ ይመልሳል። ከአቀስታ በኩል ባልዋንና ልጆችዋን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣችው ዘሃራ ግን የሚመልስላት አልነበራትም። ስሟን ጠርታ አለሁ ስትል እኔ ከውጭ እሰይ አልኩላት። አብሽሪ፣ አይዞሽ አልኳት ደግሞ፣ እስላሞቹ እንደሚሉት ላጽናናት ብዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም እያለች እንደ እህት ትጠራኛለች፤ ትንሽ አቅም ስታገኝም ላንተ ማገዶ ታቀብል ጀመር።

አሁን ወደ ምሰሶዎቹ እመጣለሁ። እስካሁን የተንዛዛሁት እሱን ላለመጻፍ ነው።

ማገዶ አለቀ። ገበሬው ከብቱ አልቆበት ኩበት እንኳ የለውም፤ በየአጥሩ የነበረው ባሕር ዛፍ ተጨፍጭፏል፤ መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ከአቀስታ የሚመጣ መኪና የለም። ቦይለሩ ቀዘቀዘ። ያን ሰሞን በድንኳኑ ውስጥ ተስቦው እንደገና ተነሳ። እኔ ክፍል ውስጥ ሆኜ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ወጥቼ ባይ አንተ ነህ። ራስህ መርጠህ ያስቆረጥካቸውን፣ እየዞርክ ጎበጥ ያለውን ሁሉ እየመለስክ የለየሃቸውን የመብራት ምሰሶዎች ትፈልጣለህ። ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። አብደሃል ወይ አልኩህ። ቀና ብለህ ላብህን ጠረግህና፣ ከዚህ የደረቀ እንጨት በአውራጃው የለም አልከኝ። ይኸው ነው፤ ሌላ ያልከው ነገር የለም። እንደዚያ ያለ ነገር ስትሠራ እንኳ ለሚስትህ የሚሆን አንድ ደህና ቃል አላዘጋጀህም።

ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ አለቀስኩ። ምሰሶው አልነበረም ያስለቀሰኝ። ያን ቀን አንተ ወደ መብራቱ እንደማትመለስ አወቅሁ። እስከዚያ ድረስ ይህ የመከራ ጊዜ ሲያልፍ ጫማህን አስጠርገህ ያ ሰው ትሆናለህ እያልኩ ነበር የምኖረው።

የሆነው ሁሉ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ አባረረህ። ንጉሡ ወርደው አዲሶቹ ሲመጡ ደግሞ የመንግሥት ንብረት ያቃጠለ አሻጥረኛ ተብለህ ተጠየቅህ። ከተማውም ለሁለት ተከፈለ፤ አንድ ሰው አገሩን በጨለማ አስቀረ የሚሉ ነበሩ፣ ያውም የጠገቡት። አባቴ፣ ለመብራት ብሰጥሽ ለእሳት ሆንሽ አለኝ። እኔ ዘጋሁህ። እራትህን አቀርባለሁ፣ አልናገርህም። አንተም መለማመጥ አታውቅበትም። ሳምንታት እንደዚያ ሄዱ፤ አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብለህ ቀድመህ መጣህ፣ ከዚያ በኋላ የተናገርከው በትኩሳት ውስጥ ሆነህ ነው። ስለ ቦይለሩ ውሃ ልክ ነበር የምትቃዠው። ስሜን እስክትጠራ ጠበቅሁ፤ ሳትጠራው ሄድክ።

ጤና ረዳቱ የሞትክበት ልብስ ሳይቀቀል ለለቅሶ አይወጣም አለ። ቦይለሩን ያቀጣጠለችው ዘሃራ ናት፤ ሌላ የሚያውቅ አልነበረም። ኮትህን ከእንፋሎቱ አውጥተው ለሙሾው ሲሰጡኝ ሙቅ ነበር፣ ታዴ። አሁን አውልቀኸው ገበያ ደርሰህ ልትመጣ የወጣህ ይመስል ነበር። ሴቶቹ ያዙሪው ሲሉኝ አልሰጥም ብዬ ደረቴ ላይ ያዝኩት፤ እስኪበርድ።

እንግዲህ ዘንድሮ አዲስ ኢንጂነር መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሳየው መንገድ ቀየርኩ። አንተ መንገዱን ስትለካ የቸከልካቸውን ችካሎች ከየሣሩ ውስጥ እየፈለገ በነሱ መስመር ምሰሶ አቆመ። ሰዎች የነገሩት ነገር ይኖራል፤ ሳልጠይቀው መጥቶ ከማንም ቤት በፊት የእኛን ቤት ሽቦ ዘረጋ፣ አምፖል ሰቀለ። ወሬ የሚያበዛ አይደለም፤ የኢንጂነር ታደሰ ቤት ይቅደም ብዬ ነው አለና ሄደ።

የምረቃው ቀን ትናንት ነበር። የአውራጃ ሰዎች ረጅም ንግግር አደረጉ። አንተን በክፉም በደግም ያነሳ የለም። ዘሃራ አልመጣችም፤ ቦይለሩ ከመጠለያው ወደ ጤና ጣቢያው ከተዛወረ ወዲህ የምታነድደው እሷ ናት፣ ወላድ ይጠብቃል፣ መብራቱ የትም አይሸሽም ውሃው ግን ይበርዳል ብላ ቀረች። ካንተ የባሰች ሆናለች። እኔም ጭብጨባው ሳያልቅ ወደ ቤት ተመለስኩ። የኖራ ከረጢት በር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ቤቱን ከማስረከቤ በፊት ግድግዳውን ልቀባ የገዛሁት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አምፖሉን አበራሁት። መጀመሪያ ያየሁት የሸረሪት ድሩን ነው፤ አፈርኩ። ቀጥሎ በመስታወት ራሴን አየሁ፤ ለሱ እንኳ ኩራዙ ይሻላል። ከዚያ ዞር ስል፣ የቀን ብርሃን በማይደርስበት በውስጠኛው ጥግ፣ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ ሰው አየሁ።

ሁለት ትከሻና አንድ ጭንቅላት ነው። ጥቁር ነው፣ ከጥላሸትና ከዘይት። ጭንቅላቱ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብሏል። እራት እስካቀርብ እዚያ ትቀመጥ ነበር፣ ልብስህን እንኳ ሳታወልቅ፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ምድጃው ጋ ስንጎዳጎድ አንተ ግድግዳውን ተደግፈህ ታሸልባለህ። አንድ ቀን የተደገፈ ሰው እንዲህ ያለ ምልክት አይተውም። በየምሽቱ፣ እዚያው ቦታ፣ ወደዚያው ጎን አንገቱ የሚወድቅበት ሰው ነው የሚተወው። በኩራዝ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም።

እኔ ደክሞኛል እያልኩ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። አንተ አንድ ቀን እንኳ ደክሞኛል ብለኸኝ አታውቅም።

ሄጄ መደቡ ላይ ተቀመጥኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። ጭንቅላቴ ትከሻህ ጋ ደረሰ፣ እንደ ድሮው። እዚያው ሆኜ ብዙ አለቀስኩ፤ በለቅሶህ ቀን ያልወጣልኝ ነው የወጣው። ምሰሶዎቹን በማንደድህ ትክክል ነበርክ ልልህ አይደለም፤ እሱን በመስኮት ስማቸውን የጠሩት ይበሉህ። እኔ ሚስትህ ነኝ፣ የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ታርቄሃለሁ፣ ታዴዬ። ሽማግሌ ሳያስፈልግ።

ዛሬ ጠዋት ዝውውሩን እንደማልፈልገው ለትምህርት ቤቱ ተናገርኩ። ኖራውንም እዚያው ሰጠሁ፣ ለክፍሎቹ ይሆናል። እናትህን ክረምቱ ሲያልፍ ሄጄ አያቸዋለሁ፤ እርሳቸውም መምጣት ከፈለጉ መደቡ ላይ የት እንደሚቀመጡ አሳያቸዋለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያንን ጥግ ማንም አይቀባውም። ሰው ይረሳል፣ እኔም ድምፅህ እየራቀብኝ ነው፤ አልረሳህም ብዬ ልፎክርብህ አልችልም። ደብተር የማርመው ግን ከእንግዲህ ወደዚያ ዞሬ ነው፣ መብራቱንም ባበራሁ ቁጥር አይሃለሁ።

ሚስትህ